«አንድ ሰዓት ይበቃዋል» ለተባለ መኪና

አዲስ አበባ ላቫጆ ላይ ሦስት ወጣቶች አንድ ኮሮላ ከበው፣ አጥበው፣ ውስጡን ጠርገው፣ ጎማውን አጥቁረው በ40 ደቂቃ ይሸኙታል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያው ኮሮላ «ፉል ዲቴይል» (ከውጭም ከውስጥም ሙሉ ጽዳት) ከተባለ አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይዞት ይውላል፤ ከ200 እስከ 400 ዶላር ማስከፈሉም የተለመደ ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ዋጋውን ሲሰማ ዘረፋ ይመስለዋል። ውጭ የኖረው ደግሞ አገር ቤት ሲገባ በ40 ደቂቃው ይደነቃል። ሁለቱም የሚያወዳድሩት የተለያየ ሥራ ነው። ሰዓቱን የሚበላው ፍትጊያው ብቻ አይደለም፤ መጠበቁም ነው። ሳሙና ቆሻሻውን እስኪያላቅቅ፣ መቀመጫ እስኪደርቅ፣ ሽፋኑ ቀለሙን እስኪይዝ የሚጠበቀው ጊዜ በሰው ብዛት አያጥርም።

ስለዚህ ለወዳጁ «ቅዳሜ መኪናህን አጸዳልሃለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሰዓቱን በትክክል ይናገር። ኮሮላን ወይም ቪትዝን ለሚያህል መኪና፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ውጩን ለማጠብና ለማድረቅ 1 ሰዓት ተኩል፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን በክሌይ (ሊጥ በመሰለ ማጽጃ) ለማንሳት 1 ሰዓት፣ ለውስጡ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ በማሽን ፖሊሽ ለማድረግ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ሰም ወይም ሲላንት (ቀለሙን የሚጠብቅ ሰው ሠራሽ ሽፋን) ለመቀባት 1 ሰዓት ይፈጅበታል። ሲደመር ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 14 ሰዓት ተኩል ነው። ፖሊሹ ከቀረ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ግማሹን ያህል ይጨምርበት። አሜሪካ ውስጥ ውሻ የሚጫንበት መኪና ከሆነ ምንጣፉ ውስጥ የተሰካውን ፀጉር ማውጣት ብቻ 1 ሰዓት ይወስዳል፤ አገር ቤት ይህ እምብዛም አይገጥምም፣ የፀጉሩን ሰዓት ግን አቧራው ይወስደዋል።

ቦታና ውኃ በሁለቱም በኩል ፈተና ነው። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወይም የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ፓርኪንጉ ላይ መኪና እንዳያጥብ በውሉ ተከልክሏል። ሳንቲም እየተጨመረበት የሚሠራው ማጠቢያ ደግሞ ደቂቃ ስለሚቆጥር ሳሙናን 5 ደቂቃ ቀለሙ ላይ ማቆየት ገንዘብ ያስወጣል። አዲስ አበባ ግቢ አለ፣ ጥላ አለ፤ ውኃው ግን በፈረቃ ነው። ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ነገር ሳይለቀለቅ የሚጠረገው የማጠቢያ ፈሳሽ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር በ7 ሊትር ተኩል ውኃ ተበጥብጦ፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ክፍል በክፍል ይታጠብና ወዲያው ይደርቃል። ጭቃ የያዘ መኪና ላይ ግን እንዲህ በቀጥታ አይሠራም፤ አስቀድሞ 2 ጄሪካን ውኃ ከጣሪያው ወደ ታች ይፈስበታል። በተለመደው መንገድ፣ በሁለት ባልዲ (አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ) ለሚያጥብ 5 ጄሪካን፣ ማለትም 100 ሊትር፣ ይበቃል። ቸርኬው የራሱ ብሩሽና የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝ ወደ ኮፈኑ ከተሻገረ ይቧጭራል።

አገር ቤት መኪናን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ፍቅር ነው። ዘበኛው በየማለዳው ግማሽ ባልዲ ውኃና አንድ ጨርቅ ይዞ አቧራውን ይጠርጋል። አቧራው ግን አሸዋ አለበት፤ በትንሽ ውኃ ሲታሽ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚታየው ከዚህ ነው። አቧራ ብቻ ከሆነ መተው ይሻላል፤ መታጠብ ካለበት ደግሞ በቂ ውኃ ይፍሰስበት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ገፎ ይወስዳል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል። ከሻንሲው ሥር ናፍጣ መርጨትም ቢቀር ጥሩ ነው፤ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል፣ የሚቀረው ቅባትም በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል። የአሜሪካው ሾፌር ስህተት ሌላ ነው። በበረዶው ወራት መንገድ ላይ የተበተነውን ጨው ከሥር ሳያጥብ እስከ ሚያዝያ ይነዳል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ማንም ከማያየው ከፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው አካል) ውስጥ ነው።

ከከፍታው የተነሳ የአዲስ አበባ ፀሐይ ሳሙና ያደርቃል፤ የደረቀ ሳሙና ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል። የእጅን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፎ መሞከር ይበቃል፤ ካቃጠለ ጥላ ይፈለግ። ከግንባታ የመጣ ሲሚንቶ ዝናብ መትቶት ከደረቀ በጥፍር አይፈለቀቅም፤ አቼቶና ውኃ እኩል ተቀላቅሎ በጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። ታጥቦ ሲያበቃ እጅን ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ቀለሙን ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው፤ ፌስታሉ ባዶ እጅ የማይሰማውን ሻካራነት ያጎላዋል። ሻካራ ከሆነ ክሌይ ያስፈልጋል፤ ሊጥ የመሰለውን ቁራሽ በሚያንሸራትት ፈሳሽ እያራሱ ሳይጫኑ መንዳት ነው። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ ታጥቦ አይመለስም።

ውስጡ ላይ ትልቁ ስህተት አቧራውን ሳያወጡ ውኃ ማስነካት ነው። የአገር ቤት አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፤ ሲረጥብ ጭቃ ይሆንና መቀመጫው ከታጠበ በኋላ ቡናማ ቀለበት ያወጣል። በመጀመሪያ በብሩሽ እየመቱ በቫኪዩም መሳብ፣ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ጎሚስታው ጋ ባለው ኮምፕሬሰር ከመቀመጫው ሐዲድና ከስፌቱ ሥር መንፋት። የመቀመጫ ሻምፖው 1 ለ 10 በውኃ ተበጥብጦ አረፋው ብቻ ይቀባል፤ መቀመጫው በውኃ አይደፈቅም። ከመቀመጫው ሥር ያሉት ቢጫ ማገናኛዎች የኤርባግ ናቸው፣ ውኃ አይንካቸው። በአዲስ አበባ በጋ በሩ ተከፍቶ ከተተወ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ይደርቃል። በቨርጂኒያ ሐምሌ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ቬንቲሌተር ተደቅኖበት ያድራል፤ ካልደረቀ በሦስተኛው ቀን የሻጋታ ሽታ ይመጣል። ኡበር ለሚነዳ ወዳጅ ያ ሽታ የደንበኛ ቅሬታ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ገበያ በሚቀዘቅዝበት በሰኞ ወይም በማክሰኞ ይያዝለት። የኮሮላ የውስጥ (የካቢን) አየር ማጣሪያ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የክሩስኮት ሳጥን ጀርባ ነው፤ መቀየሩ 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ ሽታውንም አቧራውንም ይቀንሳል። ክሩስኮቱን በሲሊኮን ማብለጭለጭ ግን ነጸብራቁ የፊት መስታወት ላይ ያርፋል፤ መሪና ፔዳል ላይማ ፈጽሞ አይቀባም፣ ያንሸራትታል።

ፖሊሽ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ከቀለሙ በላይ ያለው ቀለም አልባ ሽፋን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፣ ከሰው ፀጉር ይሳሳል። እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። አገር ቤት ብዙ መኪና ከግጭት በኋላ እንደገና ተቀብቷል፤ የትኛው በር፣ የትኛው ፓራፋንጎ እንደተቀባ ወዳጅን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በጋራዥ የተቀባው ሽፋን የት እንደሚሳሳ አይታወቅምና። ጠርዞቹ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። በአንድ ጊዜ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ በቀስታ፣ ክብ እየዞረ በሚርገበገብ ማሽን መሥራት ነው። ጥፍር የሚይዘውን ጭረት ለማጥፋት መታገል ቀለሙን ያስጨርሳል። እሱ ይቅር።

በልዞ ቢጫ የሆነ የፊት መብራት ቁጥሩ 1000፣ 2000 እና 3000 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እየተራሰ ሲፈገፈግ ለሁለቱ 45 ደቂቃ ይወስዳል። የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሳምንት ያታልላል እንጂ አያድንም፤ ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ካልተቀባ የተፈገፈገውም ተመልሶ ይበልዛል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ላቫጆው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ኮፈኑን ከፍቶ በግፊት ውኃ መምታት ለእነዚህ አይሆንም። ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው፤ እዚያ አካባቢ የረጠበ ጨርቅ ብቻ። የቀድሞዎቹ የቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከአሁን በኋላ ለረጅም ዓመት መነዳታቸው ስለማይቀር ለቀለማቸው የሚሰጠው ሰዓት ያዋጣል።

በጥር ለሙሽራ የሚሰጥ መኪና ከሆነ ሲላንቱ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድሞ ይቀባ። ሪባኑና አበባው የሚታሰረው በንጹሕ ቀለም ላይ ይሁን፤ አቧራ ላይ የታሰረ ሪባን ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ኮፈኑን ይፍቀዋል።

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን አላት፤ ጠዋት 1 ሰዓት የተጀመረ መኪና ሳይመሽ ሊያልቅ ይችላል። ቨርጂኒያ በጥር ብርሃኑ 10 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ መብራት ያለው ጋራዥ ካልተገኘ ሥራው ለሁለት ቀን ይከፈላል። ሴራሚክ (ደርቆ የሚጠነክር የቀለም መከላከያ ሽፋን) የተቀባ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ውኃ አይንካው፤ በአዲስ አበባ ክረምት ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብም ውኃ ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ መኪናውን ሲረከቡ «ወንድሜ፣ ቁልፉን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ና ውሰድ» ማለት ነው። ቅዳሜ ሊሄድበት ያሰበው ቦታ ካለም ያኔውኑ ይናገር፤ እጥበቱና ውስጡ ብቻ ተሠርተው ፖሊሹ ለሌላ ሳምንት ይቀጠራል።