ፕላትሌት ኖርማል ነው ማለት ደም አልረጋም ማለት አይደለም

ወንድምዓለም፣ «እናቴ ደብረ ማርቆስ ተመርምራ ፕላትሌቷ 240 ሺህ ነው፤ ስለዚህ እግሯ ያበጠው በደም መርጋት አይደለም» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ጥቃቅን የደም ሕዋስ ነው፤ የደም ምርመራ ማሽኑ የሚሠራው ግን ቆጠራውን ብቻ ነው። በማይክሮ ሊትር ከ150 እስከ 450 ሺህ ከሆነ «ኖርማል» ይልሃል። ለደቦ 30 ሰው መጣ እንበል። ማን እያጨደ፣ ማን ጠላው ጋ እንደተቀመጠ ቁጥሩ አይነግርህም።

ፕላትሌት ሲነቃ ውስጡ የነበረው ፒ-ሴሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ወደ ላይኛው ሽፋን ይወጣል። ይህን የሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባል፣ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በብርሃን የሚመረምር ዘዴ ነው። ግን በብዛት ለምርምር ነው የሚውለው፣ እሱን ፍለጋ አትንከራተት። ለእግር እብጠት የሚጠየቀው ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣውን ቁራጭ የሚለካ የደም ምርመራ) እና አልትራሳውንድ ነው። ዲ-ዳይመርም ቢሆን ከፍ ስላለ ብቻ መርጋትን አያረጋግጥም፤ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል።

ደግሞ እናትህ «ደም ሁለቴ ቀዱኝ» ብለው እንዳያዝኑ ንገራቸው። ቆጠራው በሐምራዊ ክዳን ቱቦ ነው፤ የመርጋት ምርመራው በሰማያዊ። ሰማያዊው 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት (ደሙ ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ነው፣ እስከ መስመሩ ካልሞላ ውጤቱ ይዛባል።

ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አልትራሳውንድ ወዳለበት ውሰዳቸው። ትንፋሽ ካጠራቸውማ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።