ጭብጦም የሩቅ መንገድ ስንቅ ነው

ስለ ጠፈርተኞች ምግብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የዳቦ ፍርፋሪ እየተንሳፈፈ ዓይንና መሣሪያ ውስጥ ስለሚገባ ከ1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሜክሲኮ ቂጣ ወደ ጠፈር መሄድ መጀመሩን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ።

መንዝ ሳለን ገብሱን ቆልታ ታስፈጭና በሶውን በንጥር ቅቤና በጨው ለውሳ በመዳፏ ትጨብጠዋለች። የጣቶቿ ምልክት ጭብጦው ላይ ይቀር ነበር። ቀኑን ሙሉ ከብት ስንጠብቅ አይፈረፈርም፣ አይበላሽም፤ ጥቂቱ ያጠግባል። የምግብ ሳይንስ ምሁሮቻችን ይህን ስንቅ ቢመረምሩት ምንኛ ደስ ባለኝ!

ጨዉ ግን መቀነስ አለበት። ክብደት በማይሰማበት ቦታ የዳሌ አጥንት በወር አንድ በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ጨው ሲበዛ ደግሞ አጥንትን የሚያጠነክረው ካልሲየም በሽንት ይወጣል። ጠፈርተኞቹ ፀሐይ ስለማይነካቸው ቪታሚን ዲ በክኒን ይወስዳሉ።

ጽሑፉ የዘለለው አንድ ነገር አለ፦ እዚያ የሰውነት ፈሳሽ ወደ ራስ ስለሚወጣ አፍንጫ ይታፈናል፣ ምግቡም ጣዕም ያጣባቸዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚያቃጥል ማባያ ይመርጣሉ። ለዚህስ ከጭብጦው ጎን ትንሽ አዋዜ በቱቦ አድርጎ መላክ ነው።