የአፈር ምርመራው እስከ ስንት ሜትር ወረደ?

ቤት ለመሥራት የተነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «የአፈር ምርመራ የግድ ነው እንዴ? መሬቱ እኮ ድንጋይ ነው!» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ያስቆፈሩትን ጉድጓድ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ያሳዩኛል። ቢበዛ ሁለት ሜትር ነው። ቆፋሪዎቹን ዶማ አልገባ ብሏቸው እንደነበር በደስታ ይነግሩኛል። ደስታቸውን ማደፍረስ ይከብደኛል፤ መጠየቄ ግን አይቀርም። ከሁለት ሜትር በታችስ ምን አለ?

ሕንፃ ሸክሙን የሚጥለው መሠረቱ በነካው አፈር ላይ ብቻ አይደለም። ክብደቱ እየተበተነ ወደ ታች ይወርዳል። አራት ማዕዘን መሠረት ከሆነ ጫናው የመሠረቱን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ ይሰማል። አንድ ሜትር ስፋት ላለው ፉቲንግ፣ ማለትም ከአንድ ኮለን (ምሰሶ) ሥር ለሚሠራ መሠረት፣ ይህ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ሃያ ሜትር ስፋት ላለው ማት ፋውንዴሽን፣ ማለትም ሕንፃውን በሙሉ ለሚሸከም አንድ ወጥ መሠረት ግን አርባ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ያው ጉድጓድ ለአንዱ ሕንፃ በቂ ሆኖ ለሌላው ምንም ላይናገር ይችላል።

ለዚህ ከትራንስኮና የእህል ጎተራ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ አጠገብ የተሠራ ግዙፍ የኮንክሪት ጎተራ ነበር። ሠሪዎቹ ዝም ብለው አልገነቡም። መሠረቱ በሚያርፍበት ጥልቀት ላይ ትንሽ ሳህን አስቀምጠው ጭነት ጫኑባት። አፈሩ ቻለው። ጎተራው ተሠርቶ እህል ይሞላ ጀመር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1913 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ። ከዚያ መዝመም ጀመረ። በማግስቱ 27 ዲግሪ ገደማ ተጋድሞ ነበር።

ኮንክሪቱ ግን አልፈረሰም። በኋላ ከሥሩ አዲስ መሠረት ሠርተው መልሰው አቀኑት። ጥፋቱ ያለው ከታች ነበር። ከጠንካራው ሸክላ አፈር ሥር ለስላሳ ሸክላ ተኝቷል። ትንሿ ሳህን የፈተነችው የላይኛውን ብቻ ነው። ሰፊው ጎተራ ግን ታችኛውንም ተጫነው። በስልክ የምታሳዩኝ ጉድጓድ ያቺ ሳህን ናት።

ደህና የሚሠራ ቁፋሮ ምን እንደሚመስል ቀርቦ ያየ ሰው ጥቂት ነው። በየተወሰነው ጥልቀት ማሽኑ ይቆማል። ናሙና የሚይዝ ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ይመታዋል። ቱቦው 45 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 ሴንቲ ሜትር በቁፋሮው የተረበሸ ስለሆነ አይታሰብም፤ የቀረው 30 ሴንቲ ሜትር የፈጀው ምት ነው የሚመዘገበው። አሸዋ ውስጥ ከ10 በታች ከሆነ አፈሩ ልል ነው። ከ30 በላይ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቆጣሪው ሰው ትኩረቱ ከተሰረቀ ወይም ደክሞት በግምት ከጻፈ፣ ከላይ የሚሰላው ስሌት ሁሉ በዚያ ግምት ላይ ይቆማል። መሐንዲሱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ውጤት መጠበቅ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ በጣም የምወደው ፈተና አለ። ባለሙያው እርጥብ አፈር ይዞ በመስታወት ላይ በመዳፉ እያንከባለለ ክር ያደርገዋል። ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መሰነጣጠቅ ከጀመረ በዚያን ጊዜ ያለው እርጥበት ይለካል። ሸክላው ውሃ ሲነካው ምን ያህል ጠባዩን እንደሚለውጥ የሚታወቀው ከዚህና ከመሰል ልኬቶች ነው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። «እኔ የምሠራው ትንሽ ቤት ነው፣ ምርመራ ለፎቅ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አፈር ሲያብጥ የሚነሳው ቀላሉ ቤት ነው። ከባዱ ሕንፃ ቢያንስ በክብደቱ ይጫነዋል። ትንሿ ቤት ግን ከፍ ዝቅ ስትል ትከርምና በሯ አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳዋ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይተረተራል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የጎረቤትን ሪፖርት ተውሶ ስምና ቦታ መቀየር ነው። ጎረቤትህ የቆመው በድሮ ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። ያንተ ቦታ ደግሞ አንድ ጊዜ ጉድጓድ የነበረና ቆሻሻና ፍርስራሽ የተሞላ ሊሆን ይችላል። በአጥር ብቻ ተለያይታችሁም አፈራችሁ ላይገናኝ ይችላል። ለዚህም ነው በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ከአንድ በላይ ጉድጓድ የሚቆፈረው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ የተኮረጀው ወረቀት የሚያጋልጠው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ዲዛይኑ አልቆ፣ የኮለኖቹ ቦታ ተወስኖ፣ ብረቱ ተሰልቶ ሲያበቃ «ፋይሉ እንዲሟላ» ተብሎ የሚታዘዝ ምርመራ ማንንም አይጠቅምም። መጀመሪያ መሬቱ ይታይ። የከርሰ ምድር ውሃው የት እንደሆነ ይለካ፤ በዝናብ ወቅት ከፍ እንደሚልም ይታሰብ። ሕንፃው ምን ዓይነት መሠረት እንደሚፈልግ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁፋሮው በሚካሄድበት ቀን ሳይት ላይ ተገኙ። ናሙናዎቹ ፀሐይ ላይ ተጥለው እየደረቁ ከሆነ ለምን በሉ። ሣጥኑን አስከፍቱና በየጥልቀቱ የተደረደረውን እዩ። የመጨረሻው ናሙና ከስንት ሜትር እንደወጣ ጠይቁ። ከዚያም ዲዛይን የሚሠራላችሁን ሰው፣ ቁፋሮው እዚያ ጥልቀት ላይ መቆሙ ለዚህ ሕንፃ ለምን እንደበቃ አስረዳን በሉት።