ልጆቻችንን ማንም አልሰረቀንም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቃሌ ይጠነክራል። መቆጣት የምትፈልጉ ተቆጡ፣ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ይሁን።

"ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች በኢንተርኔት ልጆቻችንን እያበላሹብን ነው" ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። ስልኩን ቀሙት፣ ግሩፑን አስዘጉት፣ እነማን እንደሆኑ አጋልጡልን ይባላል። እሺ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤት ውስጥ የሚሰማው ሰው ቢያገኝ ኖሮ፣ አንድ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የስልኩን መብራት ቀንሶ፣ መልኩን አይቶት ለማያውቀው ሰው "መኖር ሰለቸኝ" ብሎ ለምን ይጽፋል?

ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምናገረው። ታናሽ ወንድሜ ጌይ ነው። አባታችን ያወቀ ዕለት ልብሱን በፌስታል አድርጎ በር ላይ አስቀመጠለት። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነበር። እኔ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፣ ክፍሌ ገባሁ፣ ተኛሁ። ይህን ሳልናገር እናንተን ልገስጽ ብነሳ ውሸታም እሆናለሁ።

የዚያን ሌሊት የሆነውን የሰማሁት ከ2 ዓመት በኋላ ነው፣ ከራሱ አፍ። መጀመሪያ የደወለው ለእናታችን ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። ቀጥሎ ከ8 ወር በፊት በገባበት የኤልጂቢቲ፣ ማለትም እንደሱ ያሉ ሰዎች፣ መብት የኢንተርኔት ግሩፕ ላይ "ተባረርኩ" ብሎ ጻፈ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማደሪያ ተገኘለት። አንዱ የታክሲ ላከለት፣ ሌላው ሶፋውን ለቀቀለት። አንዲት በዕድሜ እናታችንን የምታህል ሴት ደግሞ፣ በአካል አይታው አታውቅም፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ መስመሩን ሳትዘጋ አብራው ቆየች። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ መደወል ልማዷ ሆነ። በላህ ወይ? የሥራው ነገር ምን ደረሰ? ሳልህ ተሻለህ? ስልኩ ላይ "እማዬ 2" ብሎ መዝግቧታል። "እማዬ" የሚለውም ከላዩ አለ። አልሰረዘውም።

ልጆች ይመለምላሉ ትላላችሁ። እዚያ ምን እንዳሉት ልንገራችሁ። ገና እንደገባ "ለቤተሰቤ ልናገር ነው" ብሎ ጽፎ ነበር። አይዞህ፣ ግን ቆይ አሉት። ቢያባርሩህ የምታድርበት ቦታ አስቀድመህ ፈልግ። ትንሽ ገንዘብ ያዝ። መታወቂያህንና የትምህርት ማስረጃህን የምታምነው ሰው ጋ አስቀምጥ። ፎቶህን ለማንም አትላክ፣ የማታውቀውን ሰው ብቻህን ለማግኘት አትሂድ። እሱም ሰማቸው፣ ሳይናገር ቆየ። አባታችን ያወቀው ስልኩን በርብሮ ነው። ያንን ምክር መስጠት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ታላቅ እህቱ። ለልጅ ክፉ የሚመኝ ሰው እንደዚህ አይመክርም።

ደግሞ ነገሩ የዛሬ ወጣት ያመጣው ፋሽን አይደለም። ድረ ገጽ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ዩዝኔት በሚባለው የኮምፒውተር መረብ ላይ "ኔት ሞትስ" የተባለ የውይይት መድረክ ተከፍቶ ነበር። "ሞትስ" ማለት "የተመሳሳይ ፆታ አባላት" ለሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው። ላየው ሁሉ ነገሩን የማይገልጥ ስም። በእኛም ቋንቋ እርስ በርሳቸው "ዜጋ" የሚባባሉ አሉ። ይህን ቃል ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። እኛ ከሰው ተራ ስናወጣቸው፣ እነሱ መጠሪያ ያደረጉት ዜግነትን ነው።

ግሩፕ ውስጥ ያለው ሁሉ መልአክ ነው አላልኩም። አስመስሎ የሚገባ አለ። ይወዳጃል፣ ፎቶ ይቀበላል፣ ከዚያ "ገንዘብ ላክ፣ አለዚያ ለቤተሰብህ እልከዋለሁ" ይላል። እስቲ ማስፈራሪያውን ደግማችሁ አንብቡት። ለቤተሰብህ! ይሄ ወንጀለኛ ቢላ አልያዘም፣ አያስፈልገውማ። አባትና እናት፣ አጎትና እህት አሉለት። ልጁ ያለ የሌለውን ሸጦ የሚከፍለው እኛን ፈርቶ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ "ልጄ፣ እናውቃለን፣ ምንም አትሁን" የሚል አንድ ሰው ቢኖር ማስፈራሪያው ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ ልጆቻችንን ከኢንተርኔት አጭበርባሪ እንጠብቅ የምትሉ፣ ሥራው ከሳሎናችሁ ይጀምራል።

ፎቶ እየለቀማችሁ "እዩት ይሄንን" ብላችሁ ለምትለጥፉት ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ኮሮና ሰዉን ሁሉ ቤት በዘጋበት ሰሞን፣ ሞሮኮ ውስጥ ሰዎች በሐሰት ስም የጌይ መተዋወቂያ መተግበሪያዎች ላይ እየገቡ የተጠቃሚዎችን ፎቶ አውጥተው በማኅበራዊ ሚዲያ ዘረገፉት። በዚያ ሰበብ ቤተሰብ አውጥቶ የጣላቸው ነበሩ። ከቤት መውጣት በተከለከለበት ጊዜ! አንድ ጊዜ የተለጠፈ ፎቶ ስታጠፉት አይጠፋም። ሌላው አስቀምጦታል፣ ሌላው አጋርቶታል፣ ልጁ የሚሠራበት ቦታ ደርሷል። እናንተ ለመዝናናት የሠራችሁት የአምስት ደቂቃ ሥራ የሌላ ሰው ዕድሜ ይበላል። ተዉ።

"በሽታ ነው" ለምትሉ ብዙ አልናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 17 ቀን 1990 ነው። የሚያሳምመው መገፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፔዲያትሪክስ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ጌይ፣ ሌዝቢያን (ሴት የምታፈቅር ሴት) እና ባይሴክሹዋል (ወንድንም ሴትንም የሚያፈቅሩ) ወጣቶች፣ እምብዛም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የማወቃቸው ዕድል ከ8 እጥፍ በላይ ነበር። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት ደግሞ፣ ቢያንስ አንድ የሚቀበላቸው አዋቂ ሰው ያላቸው ወጣቶች በቀደመው ዓመት ራስን የማጥፋት ሙከራ ያደረጉበት ዕድል በ40 በመቶ ያነሰ ነበር ይላል። አንድ ሰው ብቻ። የወንድሜ አንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነበረች። እኔ ግን ከግድግዳው ማዶ ነበርኩ።

"ሃይማኖቴስ?" የሚለኝ ብዙ ነው። ጥያቄውን አልንቀውም፣ እኔም ጸሎቴን የማደርስ ሰው ነኝ። ግን አንዲት እናት ላስታውሳችሁ። ጂን ማንፎርድ የምትባል የኒውዮርክ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1972 ጌይ የሆነው ልጇ ሞርቲ ለመብቱ በራሪ ወረቀት ሲበትን ተደበደበ። እሷ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፣ ጌይ ልጅ አለኝ፣ እወደዋለሁ ብላ። በዚያው ዓመት ሰልፍ ላይ ከልጇ ጎን፣ ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲቆሙ የሚጠራ ጽሑፍ ይዛ ወጣች። በመንገዱ ላይ ወጣቶች እየሮጡ እየመጡ አቀፏት፣ እባክሽ ከወላጆቼ ጋር ተነጋገሪልኝ እያሉ ለመኗት። እ.ኤ.አ. በ1973 ወላጆችን ሰበሰበች፣ ወደ 20 የሚሆኑ ሰዎች መጡ። የተሰበሰቡት የት መሰላችሁ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

እነዚያ ወጣቶች ያቀፏት የራሳቸው እናት ቤት ስለተቀመጠች ነው። ዛሬም ያው ነው፣ እቅፉ በስልክ ሆነ እንጂ። የሰው እናት ስትመክረው፣ የሰው ወንድም የቤት ኪራይ ሲያዋጣለት፣ "ማን አበላሸብን" ብሎ መጮህ ነውር ነው። ግሩፑን አታስዘጉበት። ያችን ገመድ ከበጠሳችሁበት ሌላ የሚይዘው የለውም። ስልኩንም አትበርብሩ፣ ሲነግራችሁ ስሙት፣ ካልነገራችሁም ሊነግራችሁ የሚችል ፊት ይኑራችሁ።

እህትና ወንድም የሆናችሁ፣ እናንተን በተለይ። ማዕድ ላይ ሲቀለድባቸው አትሳቁ። እዚያው አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ማን እንደሳቀ እየቆጠረ ነው። ወንድሜ የእኔን ሳቅ ከነቀኑ ያስታውሰዋል። ነግሮኛል።

አሁን እኔም እደውልለታለሁ፣ ማታ ማታ። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የደወልኩ ዕለት ቁጥሬን አይቶ ምን አደጋ ደረሰ ብሎ ደንግጦ ነበር። አሁን ለምዶታል። በላህ ወይ እለዋለሁ፣ ያችን ሴት እየቀዳሁ። አንዳንዴ "እትዬ፣ አንዴ ቆይ፣ እማዬ እየደወለች ነው" ይለኛል። የትኛዋ እንደሆነች አልጠይቀውም። እጠብቃለሁ።