ዘይቱስ ይሁን፣ የሚጠጣው ግን ይጠየቅ

ስለ ወላድ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ አዩርቬዳ የተባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ለወላድ ሕመም ፍቱን ነው ብሎ አልፏል። እኔ ዱባይ ስወልድ የደቡብ ሕንዷ የኬረላ ተወላጅ ጎረቤቴ ወገቤን ዳንዋንታራም በተባለ ለብ ያለ የአዩርቬዳ የሰሊጥ ዘይት እያሸች አርሳኛለች። የሰሊጡ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እጇ ይባረክ፣ ቀለል ብሎኛል።

የሚጠጣው ግን ሌላ ነው። በዋናነት ከ10 ዓይነት ሥር የሚሠራው፣ ዳሻሙላሪሽታም የተባለው የአዩርቬዳ መጠጥ እንደ ጠጅ የሚብላላ ነው፤ አልኮል አለው። ለምታጠባ እናት ይህ መነገር ነበረበት! ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 ከሕንድ የመጣ የአዩርቬዳ መድኃኒት በወሰዱ 6 ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በብዛት ተገኝቷል። እርሳስ በጡት ወተትም ወደ ልጅ ያልፋል። እህቶቼ፣ ጠርሙሱን ለሐኪም ሳታሳዩ አትጠጡ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ደም ከበዛ ደግሞ ዘይቱንም ትታችሁ ሆስፒታል ሩጡ።