ባለ ቆዳ ወንበሩ ፒክአፕ

በአዲስ አበባ የአንድን ሰው ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሳሎኑን ከማየት ይልቅ የፒክአፑን ጋቢና ከፍቶ ቢመለከት ብዙ ይማራል። ሳሎን እንግዳ ሊመጣ ሲል ይጠረጋል፤ ጋቢና ግን ከጠዋት እስከ ማታ በሥራ ላይ ስለሚውል ለመዋሸት ጊዜ የለውም። ኮድ 4 ታርጋ የለጠፈ የመንግሥት ፒክአፕ የፊት ወንበሩ ላይ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፎበት ከሆነ ኃላፊው ራሳቸው እንደሚቀመጡበት፣ ፎጣ ከሌለው ደግሞ ባለሙያዎች ለመስክ ሥራ እንደሚንገላቱበት መገመት ይቻላል። ኮድ 3 ሆኖ ስፖንጁ በስፌቱ በኩል ብቅ ብሎ የሚታይ ከሆነ ሥራ አለ ማለት ነው። ያረጀ ፒክአፕ ኮድ 2 ለጥፎ ወንበሩ ግን ትናንት ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ባለቤቱ ሊሸጠው አስቧልና ቀረብ ብሎ ሞተሩን ማየት ይበጃል።

የወንበር ነገር ይህን ያህል ክብደት ያገኘው በእኛ አገር መኪና ስለማያረጅ ነው፤ ያረጃል እንኳ ቢባል ዋጋው አብሮት አያረጅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ከባድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በየግቢው የቆመው ብረት ሁሉ አንድ ሌሊት አድሮ ዋጋ ጨመረ። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት ከኖረው ሃይሉክስ መካከል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ አንድ ደብል ጋቢና ያለው ሰው፣ ከልጆቹ ታላቅ የሆነውን መኪና በየዓመቱ ከገዛበት በላይ እየተጠየቀበት፣ «ገና ነው፣ አልሸጠውም» እያለ ይኖራል። የማይሸጥ መኪና ደግሞ መቀመጫው መጠገን አለበት።

በሰፈራችን እንዲህ ያለ ፒክአፕ ያላቸው አንድ አባወራ አሉ፤ ሰዉ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋልና እኔም በዚሁ ልጥራቸው። የእርሳቸው ፒክአፕ ከሌላው የሚለየው ባለ ቆዳ ወንበር በመሆኑ ነበር። ከዓመታት በፊት ያገናኛቸው ደላላ «ጋሼ፣ ይሄ ኦርጅናል ቆዳ ነው፤ አንድ ድርጅት ከውጭ አሠርቶ ያስገባው ነው» ብሏቸዋል። ደላላ የነገረውን መኪናው እጅ ከገባ በኋላ የሚጠራጠር ገዢ ስለሌለ ጋሼም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መኪናቸው ሲናገሩ ሞተሩን ሳያነሱ ቆዳውን ያነሣሉ።

የመኪና ወንበር የሚያልቅበት ሥርዓት አለው። እኛ ዘንድ መሪው በግራ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው የሹፌሩ ወንበር የግራ ጠርዝ ነው፤ ፒክአፕ ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ የሚወጣው ሰው በዚያ ጠርዝ ላይ ተፍቆ ይገባል፣ ሲወርድም በዚያው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ያልጨረሰውን ደግሞ ቀበቶውና በኋላ ኪሱ የያዘው የቁልፍ ዘለላ ይጨርሱለታል። በመጀመሪያ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ስፌቱ ይለቃል፣ ከዚያ ስፖንጁ እየተፈረፈረ በሱሪ ላይ ቢጫ ዱቄት ይተዋል፤ በመጨረሻ ሞላው ራሱን ያስተዋውቃል። በመስታወት የምትገባው ፀሐይ ላዩን ስታደርቀው፣ አንዳንድ የመኪና አጣቢም ለማብረቅ ብሎ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ሲያሸው ነገሩ ይፋጠናል።

የተሳፋሪው ወንበር አበሳ ግን ከዚህ የተለየ ሲሆን ምንጩም ትሕትናችን ነው። ፒክአፕ ያለው ሰው የመኪናው ባለቤት የሚሆነው በሊብሬው ላይ ብቻ ነው። ዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ሲያመላልስ፣ ጎረቤት ቤት ሲቀይር፣ የዘመድ ልጅ ሲያገባና የቪዲዮ ቀራጩ ከኋላ ቆሞ ሙሽሮቹን ሲቀርጽ፣ በበዓል ዋዜማ በግ ከገበያ ሲመጣ፣ የሚጠራው ያው ፒክአፕ ነው። በእንዲህ ያለው ጉዞ ሁሉ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ጋቢና ማን ይግባ የሚለው ነው፤ በሩ ተከፍቶ «እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ!»፣ «እኔ ከኋላ ይመቸኛል» እየተባለ ሞተሩ ሩብ ሰዓት ያህል ነዳጅ ይጨርሳል። ከኋላ የሚመቸው ሰው እስካሁን አልተወለደም። ክርክሩ የሚቋጨውም ሁለቱም ተከባብረው ለአንድ ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አብረው በመቀመጣቸው ነው፤ ስለዚህ የሹፌሩ ወንበር በግራ ጠርዙ ሲቀደድ የተሳፋሪው ወንበር መሀል ለመሀል ይጎደጉዳል። ከወንበር ፋብሪካ ለሙከራ የሚላክ መሐንዲስ ቢኖር ወደ እኛ ለቅሶ ቤት በላኩት ነበር።

ጋሼ በየደረጃው ጉዳቱን አይተዋል፤ ያደረጉት መፍትሔ ግን የመላው አገር መፍትሔ ነው፤ መሸፈን። ስንጥቁ ሲታይ ባለ አበባ የጨርቅ ልብስ አለበሱት፤ ጨርቁ ሲቆሽሽ ፎጣ ደረቡበት፤ ፎጣው እየተንሸራተተ ሲያስቸግር ደግሞ ጀርባ ያሻል የተባለ ከእንጨት ዶቃ የተሠራ ምንጣፍ አነጠፉበት። በዚህ ሁሉ ንብርብር የሹፌሩ ወንበር ከፍ እያለ ሄዶ የጋሼ ባርኔጣ ጣራውን መንካት ጀመረ። የደህንነት ቀበቶው መቆለፊያ ከንብርብሩ በታች ስለተቀበረም ትራፊክ ፖሊስ በታየ ቁጥር ቀበቶውን በደረታቸው ላይ አሳልፈው ጫፉን በእጃቸው ይዘው በክብር ያልፋሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቆዳው አለ ተብሎ ሲወራለት፣ እርሱን ያየ ሰው ለብዙ ዓመት አለመኖሩ ነው።

ወንበሩ ይታደስ የሚለው ውሳኔ የመጣው የጋሼ ትልቋ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻውን የሚወስን ሰው የለምና ሸንጎ ተሰበሰበ። መካኒኩ ጠቅላላው ወንበር ወጥቶ ከፈረሰ መኪና የተፈታ ይግባበት አለ፤ የባለቤታቸው ወንድም፣ መኪና ኖሮት ባያውቅም፣ ጥቁር ሆኖ ቀይ ክር የተሰፋበት እንዲሆን በብርቱ ተከራከረ፤ የጋራዡ ዘበኛ ጥቁር ሙቀት ይስባል ብሎ ተቃወመ። ዘበኛው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የዘበኛ አስተያየት በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ከዚያ ጉዞው ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሆነ። የዚያ ሰፈር ሰዎች መኪናን ከብሎን እስከ ጣራ ፈትተው የሚያውቁ ናቸው፤ ዕቃ ሲጠየቁም ኦርጅናል፣ ሁለተኛ ደረጃና ሌላው ብለው በትዕግሥት ያስረዳሉ፤ «ሌላው» የሚባለው የትኛው እንደሆነ ከዋጋው ይታወቃል። ጋሼ የጠየቁት «ትክክለኛ ቆዳ» ነበር። ባለሱቁ አንድ ቁራጭ አውጥቶ ላይተር ለኮሰበት፤ እውነተኛ ቆዳ ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ የፕላስቲክ ሽታም ይሰጣል። ጢሱ ሲወጣ በአካባቢው የነበረ ሁሉ፣ ጫኝ አውራጅም፣ ሎተሪ አዟሪም፣ አንድ መንገደኛም፣ አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተና ድምፅ ሰጠ። ዓይን ያለው ቁራጩን ገልብጦ ጀርባውን ቢያይ ጨርቅ የተለጠፈበት መሆኑን ያለ እሳት ያውቅ ነበር፤ የቆዳ ጀርባ እንደ ለስላሳ ጭገር ነው እንጂ የሽመና መስመር የለውም። ያም ሆኖ ሸንጎው በአብላጫ ድምፅ ቆዳ ነው ብሎ አጸደቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሆዴ ያመኛል። በቁም ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት የምትባል አገር ነች አገራችን። የደጋው በግ ሌጦ ለጓንት፣ የባቲ ፍየል ሌጦ ደግሞ ለጫማ በዓለም ገበያ ስም ያወጡ ናቸው፤ ሞጆ ከደረሱም ቆዳ ፋብሪካ ለመኖሩ አፍንጫ ይመሰክራል። ለመኪና ወንበር ግን ወፍራሙ የከብት ቆዳ ነው የሚያስፈልገው፤ እኛ ደግሞ በሬውን በሕይወት ሳለ በቀንበር፣ በአለንጋና በጋለ ብረት ጽፈንበት፣ ሲታረድ በቢላ ቀዳደን፣ በመጨረሻ ጥራቱ ወረደ ብለን እናዝናለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሌጦ ዋጋ ወድቆ በበዓል ማግስት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ይታያል። የበጉን ሌጦ ቦይ ውስጥ ጥለን በማግስቱ ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ለመግዛት በወረፋ የምንቆም ሕዝብ መሆናችንን በጎቹ ቢያውቁ ምን ይሉን ነበር?

ወንበሩን ከመኪናው ማውጣቱ ቀላል ነበር፤ በ14 ቁልፍ የሚፈቱ አራት ብሎኖች ናቸው። የወንበር ልብስ ሰፊው፣ ዝምተኛና እጁ ፈጣን የሆነ ወጣት፣ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ልብሱን ከብረቱ ጋር የያዙትን ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች በጉጠት እየቆረጠ ንብርብሩን መግፈፍ ጀመረ። ከሥር ከሥሩ የደረቀ ቆሎ፣ ከአገልግሎት የወጡ የብር ኖቶች፣ የሁለት ሠርግ መጥሪያና ጋሼ ሠራተኛዋን ጠርጥረውበት የነበረ የሱቅ ቁልፍ ወጡ፤ ለቁልፉ ማንም አስተያየት አልሰጠም። ዶቃው ተነሣ፣ ፎጣው ተነሣ፣ ባለ አበባው ጨርቅ ተነሣ፣ ዝነኛው ቆዳም ታየ፤ ላዩ ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ መካከል ነጭ የጨርቅ ሽመና ይታይ ነበር። ሰፊው ሳይናገር ጋሼን አያቸው፤ ጋሼም ወደ ውጭ አዩ። ያም ሲገፈፍ ከታች መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የለበሰው ግራጫ ጨርቅ ተገኘ፤ ያ ሁሉ ልብስ ከፀሐይና ከአቧራ ሲከልለው ስለኖረ፣ ከግራው ጠርዝ በቀር አንድም ቦታ አልተጎዳም።

«ጋሼ፣» አለ ሰፊው፣ «ይሄ እኮ ጤነኛ ነው። የግራውን ጎን ብቻ ፈትቼ፣ ለጎደለው ስፖንጅ ቆርጬ በማስቲሽ ልለጥፍበትና አንድ ቁራጭ ልተካለት። ለማታ ይደርስልዎታል፤ ዋጋውም የአንድ ዶሮ ዋጋ ቢሆን ነው።»

ከዚህ የተሻለ ምክር በመርካቶ ብዙም አይሰማም፤ ጋሼ ግን ቅር አላቸው። ለዶሮ ዋጋ የተጠገነ ወንበር ለማን ይታያል? አማቾቹ ጋቢናውን ሲከፍቱ የሚያዩት ያው የጥንቱ ግራጫ ጨርቅ ነው፤ ምን ወጪ እንደወጣበት ለማስረዳትም ሰው ሁሉ በግራው ጠርዝ በኩል ጎንበስ እንዲል መጠየቅ ሊያስፈልግ ነው። ጥገና ደግነት ነው፣ ማንም አያይልህም፤ እድሳት ግን ከሩቅ ያበራል። ስለዚህ ጋሼ ሁሉም ወንበር፣ የኋላውም ጭምር፣ በእሳት በተፈተነው «ቆዳ» እንዲሰፋ፣ ጥቁር ሆኖ ቀይ ክር እንዲኖረው፣ በራስ መደገፊያው ላይም የመኪናው ስም በትልቁ እንዲጠለፍ አዘዙ። ወጪው ከዶሮ ተነሥቶ ሰንጋ አከለ። የሚስታቸው ወንድም በጣም ተደሰተ።

ሥራው ያምራል፤ ሰፊው አሮጌውን ልብስ በስፌቱ ፈትቶ እንደ ልክ ስለተጠቀመበት እጥፋት እንኳ የለበትም። መቀመጫውን የሸፈነው ስስ ላስቲክ ግን እስከ ሠርጉ ይቆይ ተብሎ አልተነሣም፤ ከሠርጉ በኋላም የመልስ ጥሪ ስለነበረ ቆየ። በመልሱ ማግስት ላስቲኩ ተነሣና ጋሼ አማታቸውን ከቀትር ፀሐይ ላይ ከቆመው መኪና ጋቢና በክብር አስገቧቸው። እኒህ ትልቅ ሴት ቁጭ ከማለታቸው ብድግ ብለው «ውይ ልጄ! ይሄ ነገር እኮ እሳት ነው፤ አንድ የሚነጠፍ ነገር የለም?» አሉ። ነጠላቸውን አጥፈው አነጠፉበት፤ መንገድ ላይ ግን ጨርቁ በሚያሟልጨው ፕላስቲክ ላይ እየተንሸራተተ በየፍሬኑ ወደ ክሩስኮቱ ይወስዳቸው ስለነበር፣ እስኪደርሱ ድረስ በአንድ እጃቸው የበሩን እጀታ፣ በሌላው የጊዮርጊስን ስም ይዘው ተጓዙ።

ጋሼ በማግስቱ ወደ ሰፊው ተመለሱ።

«የወንበር ልብስ ትሰፋለህ?» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሰፋለሁ ጋሼ። ምን ዓይነት ይሁንልዎ?»

«ጨርቅ ይሁን። ሙቀት የማይዝ፣ የማያሟልጭ። ቀለሙ ግራጫ ቢሆን አይከፋም።»

«ግራጫ አለኝ፤» አለ ሰፊው ወደ መደርደሪያው እያመለከተ፤ «ከሌላ መኪና የወጣ ነው፣ ግን ኦርጅናል ነው፤ የፋብሪካ ነው፤ አጥቤ ነው ያስቀመጥኩት። የግራው ጎን ብቻ ትንሽ ተቀዷል፤ እሱን አስተካክልልዎታለሁ።»

ጋሼ ጨርቁን ተቀብለው በጣታቸው አሹት፣ ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ ላይተር እንዲያመጣላቸው ጠየቁና ዋጋ መከራከር ጀመሩ።