ሰርተፊኬቱ የጠፍጣፋው ነው፤ ዓባይ በረሃ የሚወርደው የታጠፈው

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ጭነት ተሳቢዎች በተጠራ ስብሰባ አንድ ኃላፊ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ዘጉት። ተሳቢው የሚሠራበት ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ላሜራ የፋብሪካ ሰርተፊኬት እስካለው ድረስ፣ ከታጠፈና ከተበየደ በኋላ ሌላ ፍተሻ አያስፈልግም። ለምን ቢባሉ፣ «የሚሰነጠቅ ብረት ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቅ ነበር» አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ለመሆኑ ጎጃም ውስጥ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አይቶ የማያውቅ ሰው አለ? ግንዱ ሲወድቅ ጤነኛ ነው። ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ይሰነብታል፤ ማንም አልነካው፣ ምንም አልተጫነበት፤ አንድ ቀን ጫፉ ተተርትሮ ይገኛል። ዛፉ ያደገው ዳር ዳሩ እየተሳበ፣ መሐሉ እየተጨመቀ ነውና መጋዙ ሚዛኑን ሲያፈርስበት የተቆለፈው ወጣ። ይህን የሜጫ ገበሬ ያውቀዋል። ኃላፊያችን በግንድ የሚያምኑትን በብረት ይክዳሉ።

ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው ስለ ጠፍጣፋው ላሜራ ነው። ተሳቢው ላይ የሚገባው ግን የታጠፈው ነው። በመሐል የሚሆነውን ማጠፊያ ማሽን ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ «ብረቱ ይመልሳል» ብሎ ይነግራችኋል። 90 ዲግሪ ለማግኘት አሳልፎ ያጥፈዋል፤ ሲለቀው ወደ ኋላ ይላል። 700 ሜጋ ፓስካል (የብረት አቅም የሚለካበት ነው) የሚችለው ላሜራ ከተራው 235 ሜጋ ፓስካል ብረት ሦስት እጥፍ ያህል ይመልሳል፤ እጅ እስኪሰጥ ድረስ ይበልጥ ይለጠጣልና። እስከዚህ ማንም አይከራከርም። ጉዱ ያለው ሳይመለስ በቀረው ላይ ነው። የላሜራው መሐል ወደ ቦታው ልመለስ ይላል፤ አንዴ ተለጥጦ የቀረው የውጭ ገጽና ተጨምቆ የቀረው የውስጥ ገጽ እንቢ ይሉታል። እንደተናነቁ ይቀራሉ። በመማሪያ መጽሐፍ ቀላል ስሌት፣ ገጹ ላይ የሚቀረው ውጥረት የብረቱን አቅም ግማሽ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ለዚህኛው ላሜራ 350 ሜጋ ፓስካል መሆኑ ነው። በእኛ ሚዛን ልመንዝረው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 35 ኩንታል! ገና አንድ ጆንያ ጤፍ ሳይጫንበት፣ ተራውን ብረት እጅ የሚያሰጥ ጉልበት ውስጡ ታምቋል።

የት እንዳለም ልብ በሉ። እጥፉን ስንፈትሽ ሁላችንም የምንዳብሰው የውጭውን ጎን ነው። ብረቱ ከተለቀቀ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውጩ ተጨምቆ ይቀራል፣ እየተሳበ የሚቀረው የውስጠኛው ጥግ ነው። ማንም የማያየው፣ ጭቃ የሚያጠራቅመው፣ በያጁም ማጠናከሪያ ካልለጠፍኩበት የሚለው ጥግ!

«ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቅ ነበር» ወደሚለው እንመለስ። እርጥበት በጠጣ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በብየዳ ዘንግ፣ ሲበየድ ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ይገባል። (ሐምሌ ላይ ጋራዥ ውስጥ ደረቅ ኤሌክትሮድ ያየ ካለ እጁን ያውጣ።) ሃይድሮጂኑ ቀስ እያለ ወደሚሳበው ቦታ ይሰበሰባል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ብረቱ በቆመበት ይሰነጠቃል። በሌላው አገር የጠንካራ ብረት ብየዳ የመጨረሻ ፍተሻ እስከ 48 ሰዓት የሚዘገየው ለዚህ ነው እንጂ ተቆጣጣሪው እንቅልፋም ስለሆነ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ ወንዝ ላይ በ1928 የተከፈተው ሲልቨር ብሪጅ የተባለ ድልድይ 39 ዓመት ካገለገለ በኋላ ወድቆ 46 ሰው ጨርሷል፤ መነሻው ከጠንካራ ብረት የተሠራ አንድ ማያያዣ ላይ የነበረች ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰች ስንጥቅ ናት። ያ የታጠፈ ላሜራ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ግን በተሠራበት ቀን አልተሰበረም።

አንድ ነገር ልቀበላቸው፤ የሚቀር ውጥረት ሁሉ ጠላት አይደለም። ባለስትራ ፋብሪካ ውስጥ በጥቃቅን የብረት ኳሶች የሚደበደበው ገጹ ተጨምቆ እንዲቀር ነው፣ ዕድሜውም በዚያ ይረዝማል። ያ ግን ታስቦበት፣ ተለክቶ የሚደረግ ነው። የእኛ እጥፍ እንደ ዕድሉ ነው። «በእሳት እናለዝበዋለን» የሚሉም አልጠፉም። ባለእጁ የባለስትራ ስባሪ አግሎ ማረሻ ሲያወጣ የቆየው ውጥረት ይለቃል፣ እውነት ነው። ይህን ላሜራ ቀይ እስኪሆን ያጋለው በያጅ ግን ውጥረቱን የሚያወጣው ከነጥንካሬው ነው። ሰርተፊኬቱን ከዚያ ወዲያ ለምድጃው ማቀጣጠያ ያድርገው።

እጥፉ ከደጀን ቁልቁል ሲወርድ ቢተረተርስ ማን ሊጠየቅ? ሾፌሩ፣ «ከልክ በላይ ጭኖ» ተብሎ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ስብሰባው ላይ የጠየቅነው ውጥረት የሚለካ የኤክስሬይ መሣሪያ አልነበረም። ማጠፊያው አፉ እንዳይሾል፣ ኤሌክትሮዱ እንዲደርቅ፣ የተበየደው ሁለት ቀን ቆይቶ የውስጠኛው ጥግ ስንጥቅ በሚያሳየው ቀይ ቀለም እንዲፈተሽ ብቻ ነው። የቀለሙ ጣሳ ዋጋ የአንድ ጎማ አይሞላም። «ጊዜ የለንም» ተባልን። ለሁለት ቀን።